ከኋላ የሚቆም ሰው

አዳማ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017

…ወደ ኋላ ነው የሚዞረው ብለሽ ድርቅ ያልሽብኝ ክንፉ የተበላው ማራገቢያ ነበር፤ ጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ የነበረው። አባባ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ እኛ አግዳሚው ላይ ተጋድመን ወደ ላይ እናያለን። ሙቀቱ ትዝ ይለኛል። እኔ ወደ ፊት ነው እላለሁ፤ አንቺ ወደ ኋላ። ከዚያ አንድ ሰው ማብሪያውን አጠፋውና… ከዚያ በኋላ ያለው የለኝም። ሲቆም ማን ልክ እንደነበረ አይተን መሆን አለበት።

ለምን አሁን እንዳሰብኩት አላውቅም። ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርኩ፤ እትዬ ወሰን፣ ይቅርታ። እንደምን ነሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ?

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል» ላልሽው፦ በስልክ አንቺ «ደህና ነን» ትያለሽ፣ እኔም «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ስልኩን እንዘጋለን። አንቺ ደግሞ ዕድሜሽን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራሽ ሰው ነሽ፤ ያልሆነ ነገር ልጻፍ ብትዪ እጅሽ እምቢ ይልሻል። እኔም ብዕር ስይዝ ትንሽ እረጋጋለሁ። ትንሽ።

ሹፌሩ ዱባለ መኪናው ላይ ጭኖ የሚያመጣልሽ ካርቶን ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ባጃጅሽ አዲሱ ኮንትሮለር ነው፤ ሞተሩን የሚያዘው። ሴንሰሮቹን ለምን አልቀየርክልኝም ብለሽኛል። ብቀይራቸውም ለበዓል ዋዜማ በግፊት ውኃ ታሳጥቢያታለሽ፤ ሶዶ ውስጥ ሳይታጠብ በዓል የሚውል ባጃጅ የለም። ውኃው ሞተሩ ውስጥ ይገባል፣ እነሱም እንደገና ይሞታሉ። ስለዚህ ያለ እነሱ እንድትሄድ አድርጌያታለሁ።

ነጂዋ አንቺ ስለሆንሽ አሠራሩን ማወቅ አለብሽ። ሞተሩ ውስጥ የሚዞር ማግኔት አለ፤ ዙሪያውን ሦስት የሽቦ ጥቅልሎች። ኮንትሮለሩ ለየትኛው ጥቅልል መቼ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ እንዲያውቅ፣ ማግኔቱ በዚያች ቅጽበት የት እንዳለ የሚነግረው ይፈልጋል። ሴንሰሮቹ ሥራቸው ይኸው ነበር። አሁን ነጋሪ የለም። ነገር ግን ማግኔቱ ሲዞር ራሱ በሽቦው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይመልሳል። ሁልጊዜ ከሦስቱ አንዱ ሥራ ፈት ስለሆነ እሱን እናዳምጣለን። ከሚመልሰው ምልክት ያለበትን ቦታ እናውቃለን፤ በሁለት ምልክቶች መሃል ካለው ጊዜ ደግሞ ፍጥነቱን። አንቺ በእጀታው የጠየቅሽውን ፍጥነት ከዚህ ጋር እያስተያየ ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

ችግሩ ስትቆም ነው። የቆመ ማግኔት ምንም አይመልስም። ስለዚህ ኮንትሮለሩ በጭፍን ነው የሚያስነሳት፤ እየተንተባተበ፦ ድግ፣ ድግ፣ ድግ። ከዚያ መልስ ሲሰማ ያፏጫል። ያኔ ዓይኑ በርቷል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ይህ ምንም አይደለም። ዳገት ላይ፣ ተሳፋሪ ጭነሽ፣ ቆመሽ ስትነሺ ግን ሊያቅተው ይችላል። እንደዚያ ሲሆን አንድ ሰው ከኋላ ይግፋልሽ። ግማሽ እርምጃ ይበቃል። ጎማው ይንቀሳቀስ እንጂ ከዚያ በኋላ ራሱ ይናገራል።

ሌላ የምጽፈው ነበረኝ። ዱባለ ጡሩምባ እየነፋ ነው።

ወንድምሽ መክብብ


ሶዶ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2017

ለመክዬ፣

ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከዳሞታ ተራራ ደመና ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ። ዕቃው ደርሷል። መካኒኩ ገጠመው፤ ሽቦው ሲያንስበት «ሌላው የት ሄደ?» እያለ ካርቶኑን ሦስቴ ገለበጠው። የለም አልኩት። ያለ እሱ ነው የምትሄደው ስለው እንደ እብድ አየኝ።

ሄደች። ድግ ድግ አለች፣ አፏጨች፣ ሄደች። አለቀስኩ ብልህ ታምነኛለህ?

ዳገቱ ግን እንዳልከው ነው። የእኔ ሰዎች አብዛኞቹ ወደ ኦቶና ሆስፒታል የሚወጡ ናቸው፤ በሽተኛ፣ አስታማሚ፣ ስንቅ የያዘ። ዳገቱ ወገብ ላይ አስፋልቱ የተቆረሰበትን ታስታውሳለህ። እዚያ ከላይ የሚመጣው እስኪያልፍ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ልነሳ ስል ድግ ድግ ብቻ። መጀመሪያ ቀን አሳፍሬያቸው የነበሩት ሐኪም ራሳቸው ወርደው ገፉልኝ፤ ከጎጃም ተመድበው የመጡት ረጅሙ። «እትዬ፣ ለዚችም ሪፈር ይጻፍላት» አሉኝ።

አሁን ግን ጋሽ ጩማን አግኝቻለሁ። ጥጉ ላይ ካለው የእህል መጋዘን ጆንያ የሚያወርዱትን ታውቃቸዋለህ፤ የአባባ ወዳጅ። ስመጣ ሲያዩኝ ይነሱና ከኋላ ይቆማሉ። ፍሬን ይዤ እጀታውን እጠመዝዛለሁ፤ «ያዝኩ!» ይላሉ፤ ፍሬኑን እለቃለሁ፤ ይገፋሉ፤ ታፏጫለች። ይህን ሁሉ ከተሳፋሪው ጋር እየሳቁ ነው የሚያደርጉት። ትናንት «አንቺ ልጅ፣ ይቺ ባጃጅ ነዳጅ አትበላም አላልሽኝም?» አሉኝ።

«አትበላም ጋሼ።»

«እንዴ! እኔን እየበላች ነዋ!»

ማራገቢያውን በተመለከተ፣ ወደ ኋላ ነው ያልከው አንተ ነህ። እኔ ወደ ፊት ነው ያልኩት። ሲቆም ደግሞ አላየንም፤ አባባ ተጠርተው ገባን።

ስለ ራስህ አንዲት መስመር አልጻፍክም። የተከራየኸው ክፍል መስኮት አለው? ዲግሪህን ይዘህ መጥተህ በር ዘግተህ የተኛህበትን ያንን ዓመት አላነሳብህም ብዬ ነበር፤ አላነሳም። መስኮት አለው ወይ ብቻ ነው ያልኩት።

እህትህ ወሰንየለሽ


አዳማ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017

እትዬ፣

መስኮት አለው። ወደ ግድግዳ ነው የሚከፈተው፤ ግን አለው።

ስለ ጋሽ ጩማ ካነበብኩ ወዲህ አላረፍኩም። እሳቸው ከገፏት ጎማው ቀድሞ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ታዲያ ኮንትሮለሩ ለምን በጭፍን ይጀምራል? ተንቀሳቅሶ ያገኘውን ጎማ ለምን እንዳለ አይዝም? ፕሮግራሙን ቀየርኩት። አሁን መጀመሪያ ያዳምጣል። ጎማው ቆሞ ከሆነ እንደ ድሮው ይንተባተባል። እየሄደ ከሆነ ግን መንተባተቡን ትቶ ወዲያው ይይዘዋል፤ በቀጥታ ያፏጫል። እዚህ ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ ቀኑን ሙሉ ስንገፋት ዋልን። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተችም።

ጋሽ ኃይለመስቀል፣ የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት፣ ቆመው ያዩ ነበር። ትከሻዬን መቱኝ። «ይሄማ ለሶዶ የተፈጠረ ነው!» አሉ። ከመስቀል በኋላ ወደ ሶዶ የሚልኳቸው ባጃጆች በሙሉ ይሄው እንዲጫንባቸው አዘዋል። እትዬ፣ ሰው ትከሻዬን ከመታኝ ስንት ጊዜው ነው? ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል። ግን ሌሊት እየተነሳሁ ኮዱን አነባለሁ፤ ምን እንደምፈልግበት ሳላውቅ።

አዲሱ ፕሮግራም የተጫነበት ኮንትሮለር ከዱባለ ጋር መጥቷል። አሮጌውን መልሺልኝ። ለአዲስ ዓመት ልምጣ እንዴ? ጋሽ ጩማን ሰላም በዪልኝ፤ ከእንግዲህ በአንድ ጣታቸው ቢገፉ ይበቃል።

መክብብ


ሶዶ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017

ለመክብብ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ነበር። የጎረቤት አጥር ወደ እኛ ተደረመሰ፤ የእንሰቱን ሁለት እግር ሰበረብኝ። ወገን ሁሉ ደህና ነው።

ኮንትሮለሩ ተገጥሟል። ይሠራል። አሮጌውን ልኬልሃለሁ።

ለአዲስ ዓመት ልምጣ ወይ ብለህ ጠይቀህ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ቤት አልገኝም፤ ለጊዜው ባትመጣ ይሻላል። ጋሽ ጩማን ሰላም በዪልኝ ላልከው፣ ወደ ቢጠና ሄደዋል፤ ዘመድ ዘንድ። ሲመለሱ አደርሳለሁ።

በደንብ ብላ።

ወሰንየለሽ


አዳማ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017

እትዬ ወሰን፣

«ወገን ሁሉ ደህና ነው» ብለሽ አትጽፊም ነበር አንቺ። ይህ የመዝገብ ቤት አጻጻፍ ነው። ሳነበው ምንም የለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ከዚያ እንደገና አነበብኩት። በደብዳቤዎችሽ መሃል ያለው ጊዜ ረዝሟል፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ይህንኑ ማየት ነው።

ዱባለን ጠየቅሁት። መጀመሪያ ስለ መንገድ አወራኝ፣ ስለ ሻሸመኔ ኬላ፣ ስለ ጎማ። ስጨቀጭቀው «እህትህ አልነገረችህም እንዴ?» አለ። ከዚያ ነገረኝ። ጋሽ ጩማ ቢጠና አልሄዱም። ኦቶና ተኝተዋል። እግራቸው ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ባጃጇ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ መጥታባቸው ነው።

የእኛ ባጃጅ።

ለምን እንዳልነገርሽኝ አልጠይቅሽም፤ አውቀዋለሁ። ያንን ዓመት አላነሳም ብለሽ ሁልጊዜ ታነሺዋለሽ። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ አንድ ነገር። ወደ ኋላ ስትመጣ ምን ድምፅ አሰማች?

ተንተባትባ ከሆነ፣ ድግ ድግ እያለች አቅቷት ተንሸራትታ ነው፤ ይህ የዳገቱና የፍሬኑ ነገር ነው፤ በማንኛውም ባጃጅ ይደርሳል። አልተንተባተበችም፣ በቀጥታ አፏጨች ካልሽኝ ግን አልተንሸራተተችም። ሞተሩ ነው ወደ ኋላ የነዳት። ያ ማለት የእኔ ፕሮግራም ነው፤ ያ ማለት ከመስቀል በኋላ ሶዶ የሚገቡት በሙሉ እንደዚሁ ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው ኋላ አንድ ሰው ይቆማል ማለት ነው። ግፉ ያልኩት እኔ ነኝ።

ድምፁን ብቻ ንገሪኝ። ስልክ ብደውል አታነሺም። ጻፊልኝ።

መክብብ


ሶዶ፣ መስከረም 5 ቀን 2018

ለወንድሜ ለመክብብ፣

እንኳን አደረሰህ። ዱባለን አልቀየምኩትም። ልነግርህ ነበር፤ የሚነገር ነገር እስኪኖር እየጠበቅኩ ነበር።

አሁን አለ። ጋሽ ጩማ ደህና ናቸው። እግራቸው በብረት ተይዟል፤ ይገጥማል ተብሏል። ጠዋት ጠዋት አጥሚት አደርስላቸዋለሁ፤ ልጃቸው ሳምራ ከሰዓት ትመጣለች። ሳምራ መጀመሪያ አላነጋገረችኝም። ሦስተኛው ቀን ላይ ሳህኑን ተቀብላ አጥባ መለሰችልኝ፤ ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጦና የሚባሉት፣ የአባባ የቀብር ዕለት የተናገሩት ሽማግሌ፣ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ እንዴት ሆነ?»

«ፍሬኑን ቀድሜ ለቀቅኩ» አልኩ።

«መኪናው ነው ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ።»

እዚያው አለቀ። ጋሽ ጩማ ከአልጋቸው ሆነው «ልጄ ናት፤ ይብቃ» ብለው ልከዋል። እስኪድኑ እንደማስታምማቸው ቃል ገባሁ፤ እንደ ወጉ የእርቅ ሳር ተነጨ፣ ተመረቅን፣ ተነሣን። ሳምራ እንኳ ሳመችኝ። መክዬ፣ ነገር ሲያልቅ ማለቁን ማወቅ ጥሩ ነው።

ማክሰኞ ጋሽ ጩማ ምን እንዳሉኝ ልንገርህና ሳቅ፦ «ስድን ከኋላ እኔ ነኝ የምቆመው፤ ቦታዬን ለሰው እንዳትሰጪ!» ቀልዳቸውን አይደለም። ያ የእኔና የእሳቸው አገፋፍ እኮ ልማድ ሆኗል። ሰሞኑን ኤሌክትሪክ ባጃጅ የያዘ ሁሉ ዳገቱ ላይ የራሱን ሰው አቁሟል። «ገፊዬ» ይላሉ። «ገፊህ ማነው?» ይባባላሉ።

ሌላ የጠየቅከኝ ነገር ነበር። ብዙ ግርግር ነበር፤ ሰው ይጮህ ነበር።

ለመስቀል ቅቤ ልኬልሃለሁ፤ ዱባለ እንዳይረሳው።

ወሰንየለሽ


አዳማ፣ መስከረም 19 ቀን 2018

እትዬ፣

ቅቤው ደርሷል። እግዜር ይስጥልኝ። አልከፈትኩትም።

ድምፁን አልነገርሽኝም።

ይህን የምጽፍልሽ ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ከኋላዬ ባጃጆቹ ተሰልፈዋል። አዲስ ናቸው፤ ላስቲካቸው አልተላጠም። ሳያቸው የአንዳቸውም ፊት ወደ እኔ አይደለም፤ ሁሉም ጀርባቸውን ነው የሰጡኝ። እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ጥሩ አይደለም፤ አውቃለሁ።

አገኘሁት። ቢያንስ ያገኘሁት ይመስለኛል። ተንቀሳቅሶ ያገኘውን ጎማ እንዲይዝ ስጽፍ አንዱን ሽቦ ብቻ ነው ያዳመጥኩት። አንድ ሽቦ ጎማው መሄዱን ይነግርሻል፤ ምን ያህል እንደሚፈጥንም ይነግርሻል። ወዴት እንደሚሄድ ግን አይነግርሽም። ያንን ለማወቅ ሁለተኛውንም ማዳመጥና የትኛው እንደሚቀድም ማየት አለብሽ። አልጻፍኩትም። ለምን? እዚህ ሜዳ ነው። እዚህ ስንገፋት ወደ ፊት ብቻ ነበር የምንገፋት። ወደ ኋላ የሚሄድ ባጃጅ በሐሳቤ አልመጣም፤ ሶዶ ተወልጄ፣ ዳገት ላይ አድጌ። ፍሬኑ ሲለቀቅ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሸርተት ብላ ከሆነ ያንን ስንዝር «እየሄደች ነው» ብሎ ይዞ፣ በሄደችበት ነድቷታል።

ወይም ይህ አልሆነም። ወይም አንቺ እንዳልሽው ፍሬኑ ብቻ ነው።

ለመሞከር ከጣውላ ዳገት ሠራሁ። ባጃጇ ስትወጣበት ጣውላው ተሰነጠቀ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ጋሽ ኃይለመስቀል ቢሮ ገብቼ ነገርኳቸው። ይህን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልሽ።

«ሹፌሯ ማን ነው?» አሉ።

«እህቴ።»

«ምን ትላለች?»

«ፍሬኑን ቀድሜ ለቀቅኩ ብላለች።»

«ለማን?»

«ለሽማግሌዎች።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ ሽማግሌ ፊት የተባለውን አንተ ልታፈርስ ነው? በጣውላ?»

«ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ብቻ…»

«ባጃጆቹን የጫነው መኪና ሰኞ ሶዶ ይገባል። ሰው ይጠብቃል። ስማ መክብብ፣ ጎበዝ ልጅ ነህ፤ ራስህን አትብላ። እዚያ ቆሞ በጆሮው የሰማ አንድ ሰው አምጣልኝ፤ ሁሉንም እዚያው አስቆማቸዋለሁ። ያልሰማኸውን ግን አትንገረኝ።»

ትክክል ናቸው። አልሰማሁም። የሰማሽው አንቺ ነሽ።

ዓርብ እመጣለሁ። ለማንም አትንገሪ። ምግብ አታዘጋጂ።

መክብብ


ሶዶ፣ እሑድ ከሰዓት፣ መስከረም 25

መክዬ፣

ከግድግዳው ማዶ ሆነህ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። ጅል ነገር ነው። ግን ዓርብ ከመጣህ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ያወራነው ስለ ዝናብና ስለ ዳጣው ማቃጠል ነው። የባጃጇን ቁልፍ መጥተህ እንደገባህ አልጋህ አጠገብ አስቀመጥኩልህ። አልነካኸውም። ወደ ዳገቱ ትሄዳለህ ብዬ ነበር፤ የመሣሪያ ሳጥንህን ይዘህ ትወርዳለህ ብዬ ነበር። ክፍልህ ገባህ፤ ያ የእንጨት በር ተዘጋ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ለስላሳ ነው፤ ሰው እንዳይረበሽ ተብሎ የሚዘጋ በር ነው። ያን ዓመት ሙሉ የሰማሁት እሱን ነው። ምግብ እበሩ ሥር አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ ስመለስ እንዳለ አገኘዋለሁ። ከውስጥ ምንም አይመጣም ነበር። አለህ የለህም፣ ነቅተሃል ተኝተሃል፣ የማውቅበት ነገር አልነበረኝም። ጆሮዬን እንጨቱ ላይ አድርጌ እቆም ነበር። ይህን ነግሬህ አላውቅም።

ስለዚህ ነው ለሽማግሌዎች እንደዚያ ያልኩት። ደግሞ ውሸት አይደለም። ፍሬኑን ቀድሜ ለቅቄዋለሁ። ጋሽ ጩማ «ያዝኩ!» ሳይሉ። ከላይ ይመጣ የነበረው አምቡላንስ ሲያልፍ ቸኮልኩ። እግሬን አነሣሁ፤ ትንሽ ወደ ኋላ አለች። ስንዝር፤ አንተ እንደጻፍከው። ሳነበው ምን እንደሆንኩ አትጠይቀኝ፤ አንተ አዳማ ተቀምጠህ እግሬን ያየኸው መሰለኝ።

ስንዝሯን ጋሽ ጩማ ያዟት። በደረታቸው ያዟት፤ በመስታወቱ አየኋቸው። ስልሳ ዓመት ጆንያ የተሸከመ ደረት ነው፤ አንዲት ባጃጅ ሸርተት ብላ አትጥለውም። ፈገግ እንኳ ብለው ነበር። ሊሰድቡኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የጠየቅከኝ።

ሰው ይጮህ ነበር ብዬሃለሁ። የጮኸው በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት ጸጥታ ነበር፤ አምቡላንሱ አልፎ፣ ዝናቡ አባርቶ። በደንብ ነው የሰማሁት። አልተንተባተበችም። ድግ የሚል ነገር አልነበረም፤ አንድም። ወዲያው አፏጨች። ያንን ፉጨት እወደው ነበር እኮ፤ ዓይኗ በራ እል ነበር ለተሳፋሪው። ፉጨቱን ስሰማ ሄድን ብዬ እጀታውን ጨመርኩ። ጨመርኩ፣ መክዬ። ስጨምር ወደ ኋላ ፈጠነች።

ይኸው።

ነገ ጠዋት የጋሽ ኃይለመስቀል መኪና ይገባል። ዳገቱ ላይ ገፊዎቹ ከአሁኑ ቦታ ተከፋፍለዋል፤ ትናንት ሳልፍ አየኋቸው፤ እየተሳሳቁ ነበር። ሳምራ የአባቷን ቦታ ለአጎቷ ልጅ ሰጥታለች፤ አባቷ እስኪድኑ።

የሰማ ሰው አምጣ ካሉህ እኔ ነኝ። በስልክም እነግራቸዋለሁ፣ ፊት ለፊትም። ለአቶ ጦናም ሄጄ «ግማሹን ነው የነገርኳችሁ» እላለሁ፤ ሳር የተነጨበትን ነገር መልሶ ማንሳት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይሁን። ስምህን ግን አላድንልህም። ላድንልህ ሞክሬ አየሁት፤ ሌላ ሰው ከኋላ ቆመ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ይህን አንብበህ እዚያ ውስጥ አትቅር።

ወረቀቱን በበሩ ሥር አሳልፋለሁ።

*

ሁለተኛ ወረቀት። ይህንን ለማን እንደምጽፈው አላውቅም፤ እጄ ግን አልቆመም።

አነሣኸው። የወረቀቱን ድምፅ ሰማሁ። አንድ ገጽ ገለበጥክ። ቆየህ። መልሰህ ገለበጥክ፤ ያችን ቦታ ነው የምታነበው።

አሁን ምንም አይሰማም። አልጋው አልተንቋቋም። ቆመህ ነው ማለት ነው፤ ወይም ተቀምጠህ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀምሯል፤ ጉልበቴ ጠዋት ነግሮኝ ነበር። ልነሳና እንጨቱ ላይ ጆሮዬን ላድርግ አልኩ። አልነሣም። እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ።

የሆነ ነገር አስቀመጥክ። አይደለም፤ አነሣህ። ብረት ነው፤ ቁልፉ።

የእንጨቱ በር ተከፈተ። በሳሎኑ አለፍክ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩት፤ አልዞርኩም። ከኋላዬ ቆምክ። መተንፈስህን ሰማሁ። ጫማህ ሲሚንቶው ላይ፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ።

ጃኬትህ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ዝናብ እኮ ነው፣ መክዬ…

የግቢው የቆርቆሮ በር ተዘጋ።